የጥንቸሏ ዓመት የገበያ ትንበያ እና የወንድሜ ሱቅ

ለተከበሩ አቶ ኦስዋልድ ክዎክ
የባንኩ የእስያ ገበያዎች ዋና ተንባይ
ሆንግ ኮንግ

እጅግ የተከበሩ አቶ ክዎክ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። በየዓመቱ ጥር ላይ በአራት መቶ ሰው ፊት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት የሚያገለግለው ጉሮሮዎ ደህና እንደከረመ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በስላይድዎ ላይ ሁልጊዜ ወደ ላይ የምታመለክተው አረንጓዴ ቀስት ሁሉም በጤና ይቆዩልዎ። የእኔን ከጠየቁኝ ደህና ነኝ፤ ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ደህና ነኝ ስትል ሊታመን የሚችለውን ያህል ደህና ነኝ።

የባንክዎን ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጠቀስኩም። ደብዳቤውን የሚያትመው ጋዜጣ አዘጋጅ፣ የባንክ ጠበቆች ከአንባቢ ቀድመው ጋዜጣ እንደሚያነቡ ስላስጠነቀቀኝ ነው። እርስዎ ግን ራስዎን አያጡትም ብዬ አምናለሁ።

ዪፕ ላይሼንግ እባላለሁ። ሻም ሹይ ፖ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በጡረታ ተገልያለሁ። ከታናሽ ወንድሜ ከዋይሹን ጋር በምዕራቡ ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እርስዎ አያውቁኝም። በሁለት ዓመታዊ ጉባኤዎችዎ ላይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጥኩት መነጽር ያደረግሁ አሮጊት እኔ ነበርኩ፤ ይሁንና መነጽር ያደረጉ አሮጊቶች በአዳራሹ ውስጥ ከመቶ በላይ ስለነበሩ ባያስታውሱኝ አልቀየምም።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ። የአስተማሪነት ልማድ ነው፤ ይታገሡኝ።

አንደኛ፤ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። በቻይናውያን አቆጣጠራችን በየተራ ከሚመጡት እንስሳት ጥንቸሏ በነገሠችበት ዓመት መግቢያ ላይ ባንክዎ በባሕሩ ዳር ባለው ትልቅ ሆቴል እኔንና ወንድሜን ጠርቶ፣ አውራ ጣት የምታህል የሽሪምፕ ቂጣና ሻይ በወተት አቅርቦልናል። ከዚያ ወደ መድረኩ ወጡ። የመጀመሪያ ቃልዎ “ጥንቸል ወደ ኋላ ስትዘል ያየ ሰው አለ?” የሚል ነበር። አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበም። ቀጥለውም ሦስት ዓመት ተዘግቶ የነበረው የዋናው ምድር፣ የቻይና፣ በር መከፈቱን፣ ቤቱ ተቆልፎበት ገንዘብ ሲያጠራቅም የከረመው ቢሊዮን ሕዝብ አሁን ወጥቶ እንደሚገዛ፣ እንደሚበላና እንደሚጓዝ፣ አሜሪካኖች የወለድ ጭማሪውን ሊያቆሙ እንደተቃረቡ፣ ስለዚህም ይህ ዓመት የእስያ እንደሆነ አስረዱን። ወንድሜ የደረቀ ዓሣ ክብደት በሚመዘግብበት ደብተር ላይ “ጥንቸል ወደ ኋላ አትዘልም” ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። በማግሥቱ ቁርስ ላይ የሩዝ አጥሚቱ እየቀዘቀዘበት ደግሞ አነበበው።

ወንድሜ ማን እንደሆነ ሳያውቁ የቀረውን ቢያነቡት ትርጉም አይሰጥዎትም። ዋይሹን ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባታችን በደረቅ ዓሣ ነጋዴዎች መንገድ ላይ፣ ባለ ሁለት ፎቁ ትራም በሐዲዱ በሚያልፍበት ማዕዘን፣ አንድ ጠባብ ሱቅ ገዝቶ ትቶልን ነበር። እኔ ለማስተማር ትምህርት ቤት ስገባ እሱ ሱቅ ገባ፤ አርባ አንድ ዓመትም አልወጣም። አንድ የደረቀ ስካሎፕ፣ ያን የባሕር ዛጎል ሥጋ፣ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ከጃፓን የሆካይዶ ባሕር ይሁን ከሌላ ይነግርዎታል። የሆካይዶው ሳይጫኑት ይሰነጠቃል ይላል፤ እኔ በበኩሌ ልዩነቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ የላቸውም። ከዚህ ሱቅ ሌላ የሚያውቀውም የሚወደውም ነገር አልነበረውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወረርሽኙ መጥቶ ድንበሩ ሲዘጋ፣ ከዋናው ምድር እየመጡ ለበዓል የሚገዙት ደንበኞች ቀሩ። ሦስት አዲስ ዓመት እንዲሁ አለፈ። የደረቀ ዓሣ ሆድ ማሰሮ ውስጥ እንዳለ ቀለሙ ጠቆረ። በመጨረሻ አንድ ሰው ለሱቁ ጥሩ ዋጋ አቀረበለትና ሸጠው። ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ገንዘቡን ሁለት ዓመት አስቀምጦ፣ ነገሩ ሲረጋጋ አነስ ያለች ሱቅ እዚያው መንገድ ላይ ለመክፈት። “ሁለት ዓመት ብቻ፣ እትዬ፤ እጄ ሥራውን እንዳይረሳ” ይለኝ ነበር። እርስዎን ለመስማት የሄድነው ሱቁ በተሸጠ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቋንቋዎ። ለልጆች ሒሳብ ሳስተምር አንድ ልጅ መልሱን ስጠይቀው “ሰባት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወደ አራት የሚወስዱ አደጋዎችም አሉ፤ በአጠቃላይ በጥንቃቄ ብሩህ ተስፋ አለኝ” ቢለኝ ጥግ አቆመው ነበር። እርስዎን መድረክ ላይ አቁመው ማይክሮፎን ሰጡዎት። የቀድሞ ጽሑፎችዎን ከባንኩ ድረ ገጽ አውጥቼ በተርታ አንብቤያቸዋለሁ፤ ጡረተኛ ጊዜ አያጣም። በበሬው ዓመት የቤት ሠሪ ኩባንያዎቹ ችግር ጊዜያዊ ነበር። በነብሩ ዓመት ገበያው ወለሉን ሊነካ ተቃርቦ ነበር። በጥንቸሏ ዓመት ደግሞ ከወለሉ ተነሥቶ ይዘላል። ሲወጣ ባንኩ አስቀድሞ አይቶት ነው፤ ሲወርድ ማንም ሊያየው የማይችል ነገር ከሩቅ አገር መጥቶ ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ተማሪው ፈጽሞ የማይወድቅበት ፈተና ማውጣት አልቻልኩም፤ አደንቃለሁ።

“የረጅም ጊዜ ባለሀብት አይደነግጥም” የሚለውን አባባልዎንም ወንድሜ በጣም ወዶት ነበር። እሱ ሁለት ዓመት ማለቱን፣ እርስዎ ደግሞ አሥር ዓመት ማለትዎን ያወቅነው በኋላ ነው።

ሦስተኛው ከባድ ነው። በዚህኛው ላይ ከእርስዎ ይልቅ የምከሰው ሌላ ሰው አለኝ።

ከጉባኤው በኋላ በነበረው ማክሰኞ ከወንድሜ ጋር ወደ ቅርንጫፉ ሄድን። የተቀበለችን ቶንግ የምትባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሠራተኛ ነበረች። የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ የሚገባበትን የባንኩን የእስያ ፈንድ አሳየችን፤ ገሚሱ የቤት ሠሪ ኩባንያዎች ቦንድ፣ ገሚሱ የትልልቆቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን። ቀጥላም አንድ መጠይቅ ታነብለት ጀመር። “ያስቀመጡት ገንዘብ በግማሽ ቢቀንስ ምን ያደርጋሉ?” የሚል ጥያቄ ነበረበት፤ አራት ሳጥኖች አሉት። የመጀመሪያው “እጨነቃለሁ፣ አወጣለሁ”፣ አራተኛው “ዕድል ነው ብዬ እጨምራለሁ” ይላል። ወንድሜ አራተኛው ላይ ምልክት አደረገ።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። “ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? ሌላ ገቢ አለዎት?”

“ሰውየው እኮ እንዲህ ነው ያሉት። ሲወርድ የሚገዛ ነው ብልህ አሉ።”

“እሳቸው ለሁሉም ሰው ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ለእርስዎ ነው የምናገረው። ግማሹን ብቻ ያስገቡ፤ ግማሹ ተቀማጭ ላይ ይቆይ። እኔ ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው።”

ወንድሜ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ትልቅ ነገር ሲሆን እንዲህ ያየኛል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤቱ ሒሳብ አዋቂ እኔ ነኝ። አቶ ክዎክ፣ እኔ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳልኩ ልንገርዎ። “ከገባህ ግባ፣ ግማሽ ግማሹን ምን ያደርግልሃል” ነው ያልኩት። በባንክዎ የተሰጠኝን የሚያምር መጽሔት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የቀስቷን ሥዕል በጣቴ እያሳየሁ ነው ያልኩት። ልጅቷ አንዴ አየችኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አዘጋጀች። ወንድሜ ሙሉውን ፈረመ።

እናም ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስልዎ። መሥመር በመሥመር ስጽፈው በተቃራኒው ወንበር ላይ የተቀመጠችው እኔው ራሴ ነኝ። ልዩነታችን እኔ ለምክሬ ደመወዝ አለመቀበሌ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ የሆነው ሆነ። ጥንቸሏ የበዓሉ ፋኖሶች ከየበሩ እስኪወርዱ ድረስ በደንብ ዘለለች፤ ወንድሜ ለሰፈሩ ጎረቤቶች ብርቱካን ገዝቶ አደለ። ከዚያ ተቀመጠች፤ ከዚያ መውረድ ጀመረች። ቢሊዮኑ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ፤ ወጥቶም ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ተመለሰ። ቤት ሠሪዎቹ አንድ በአንድ የሚከፍሉት አጡ። አሜሪካኖቹም ወለዱን ማቆሙን ትተው ጨመሩበት። የእርስዎ ወርሃዊ መልእክት ግን ሳይቋረጥ ይደርሰን ነበር፤ መጋቢት ላይ “ጤናማ እርማት”፣ ሰኔ ላይ “ትዕግሥት የሚፈትን ወቅት”፣ መስከረም ላይ “ማራኪ ዋጋ”። ወንድሜ የመስከረሙን ካነበበ በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ ሄዶ ነበር።

“እትዬ፣ አራተኛው ሳጥን ላይ ምን ነበር ያልኩት?” አለኝ።

“እጨምራለሁ ነው ያልከው።”

“የምጨምረው የለኝም እኮ።”

ያላለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር፤ የሚያለቅስ ቢሆን እመርጥ ነበር። አንድም ቀን ቢሆን “አንቺ ነሽ ግባ ያልሽኝ” አላለኝም። እስኪለኝ ጠበቅሁ፤ አላለም። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእርስዎ ለማስረዳት አልሞክርም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየወጣ እስከ ምሳ የማይመለስ ሆነ። አንድ ቀን ተከተልኩት። ወደ ድሮው መንገድ ሄዶ ሱቁ ፊት ለፊት ቆመ። ሱቁ አሁን የደረቀ ዓሣ አይሸጥበትም፤ ሳንቲም እየጨመሩ በብረት ጣት የጨርቅ አሻንጉሊት የሚያወጡባቸው ማሽኖች ተደርድረውበታል። ወንድሜ ያንን ያይ ነበር።

ከጎን ያለው ሱቅ የሽማግሌው ፓንግ ነው። ፓንግ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከአባታችን ጋር የነገደ፣ በመንገዱ ላይ ምላሱ የሚፈራ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወንድሜን ያይ ነበርና ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ኧረ ባለሀብቱ መጣ። ዛሬ እስያ እንዴት አደረች?”

ወንድሜ ዓይኑን ከማሽኖቹ አላነሣም።

“ጆሮህም አብሮ ተሸጠ እንዴ? እንዴት አደረች ነው የምልህ።”

“ወርዳለች፣ ጋሼ ፓንግ።”

“እኔ ያን ሁሉ ገንዘብ ሳላስከፍልህ ነግሬህ ነበር። አባትህ የማይሸተትን ነገር አትግዛ ይል አልነበር? ያ ወረቀት ሸተተህ?” አለና ከእግሩ ሥር አንድ ትልቅ ቅርጫት ስካሎፕ በእግሩ ገፋ አደረገለት። “ና ቁጭ በል። መንገድ ዘጋህብኝ። ይሄን በየመጠኑ ለይልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። ደግሞ አትስረቀኝ፤ ቆጥሬዋለሁ።”

የፓንግ ዓይን ከእኔ ዓይን የተሻለ ነው፤ ዛሬም ያለ መነጽር ጋዜጣ ያነባል። ወንድሜ ግን ዝቅተኛዋን በርጩማ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ከተተ። እኔ በማዕዘኑ ላይ ሆኜ ትራም ሁለት ጊዜ እስኪያልፍ አየሁትና ሳይመለከተኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ማታ ሁለት ሳህን ሩዝ በላ።

አምስተኛ። ለባንኩ የቅሬታ ክፍል ጽፌ ነበር፤ ከአራት ወር በኋላ አሥራ አንድ ገጽ መልስ መጣልን። እንዲህ ያለ ትጋት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው፤ ይመስገኑ። መልሱ ሲጠቃለል፣ ደንበኛው አራተኛውን ሳጥን በገዛ እጁ መርጧል ይላል። በተጨማሪም ሠራተኛዋ በዕለቱ በፋይሉ ውስጥ “ደንበኛው ግማሹን ብቻ እንዲያስገባ መክሬዋለሁ፤ አልተቀበለም” ብላ ማስታወሻ ማኖሯን በመጥቀስ፣ ይህ ባንኩ ለደንበኞቹ ያለውን ጥንቃቄ ያሳያል ይላል። ያቺ ልጅ ለአንድ ሽማግሌ ከልቧ ያዘነችበትን ነገር ባንክዎ እንደ ጋሻ አንሥቶ ያንኑ ሽማግሌ መለሰበት። እሷን ፍለጋ ቅርንጫፉ ስሄድ ሥራ መልቀቋን ነገሩኝ። ለምን እንደሆነ አላወቁም፤ ወይም ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ቦታዋ ላይ አሁን በጣት የሚነካ የኮምፒውተር መስታወት ቆሟል፤ መጠይቁን እሱ ያነብልዎታል፣ “ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?” ግን አይልም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን እተወዋለሁ፤ ደከመኝ። የቀረውን እንደሆነው ልንገርዎ።

የዘንዶው ዓመት ሲገባ ግብዣው እንደገና መጣ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ዋይሹን ነው እንሂድ ያለኝ። “የሚሉትን ልስማ” አለ። ኮቱን ለበሰ። ሆቴሉ ያው፣ ቂጣው ያው፣ ቀስቷም ያቺው። ጥንቸሏን ግን ማንም አላነሣት። እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው፣ አሁን ዘመኑ የጃፓንና የህንድ እንደሆነ፣ የታይዋንና የኮሪያ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪዎች ለዓለም ሰው ሠራሽ አንጎል እየሠሩ እንደሆነ፣ ዋናው ምድር ደግሞ “በትዕግሥት ለሚጠብቅ” ማራኪ እንደሆነ አብራሩ። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። ወንድሜ እጅጌዬን ቢጎትተኝም ተነሣሁ።

“ባለፈው ዓመት ያሉን ነገር ምን ሆነ?” ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

እርስዎም “ግሩም ጥያቄ ነው” አሉኝ። ከዚያ ስለ አሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ስለ ጃፓን ገንዘብ ስለ የን፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ አራት ደቂቃ ተናገሩ፤ በመጨረሻም “ሹፌር መኪናውን የሚነዳው ወደ ኋላ እያየ አይደለም” አሉ። ተጨበጨበ። የተቀመጥኩት ተናድጄ አልነበረም። ያቺ ጭብጨባ እኔም ባለፈው ዓመት ያጨበጨብኳት ነበረች፤ ምን ልላት እችላለሁ?

ማይክሮፎኑን የያዘው አስተናጋጅ ወደ ሌላ ረድፍ ሊሄድ ሲል ወንድሜ እጁን ዘረጋና ያዘው። ዋይሹን በሕይወቱ ማይክሮፎን ይዞ አያውቅም፤ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እንደሚያናግር አፉ ላይ ለጠፈው። “ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ብዙ አልተማርኩም። እርስዎ የራስዎን ገንዘብ የት አስቀመጡ?”

እርስዎም ፈገግ ብለው፣ የባንኩ ደንብ የግል ሀብትዎን በአደባባይ እንዲናገሩ እንደማይፈቅድልዎ በትሕትና ገለጹ። ወንድሜ “ገባኝ። አመሰግናለሁ” ብሎ ተቀመጠ። እውነትም የገባው ይመስል ነበር።

ጉባኤው አልቆ ሰው ወደ ሻዩ ሲሄድ፣ እርስዎ በሰው መሀል አልፈው ወደ እኛ መጡ። ይህን ማድረግ አይጠበቅብዎትም ነበር። ይህንን ከእርስዎ አልነሣዎትም። አጠገቡ ቆመው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ስንት ዓመትዎ ነው ብለው ጠየቁት። ነገረዎት። በየትኛው ፈንድ እንደገባ ጠየቁት፤ ነገረዎት፤ ያኔ ፊትዎ ትንሽ ተለወጠ። ከዚያም መድረክ ላይ ባልሰማነው ድምፅ እንዲህ አሉት፦

“ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ ተራ ተቀማጭ ነው የሚሻለው። ሌላውን ይተዉት። የእናቴን ገንዘብ እኔ ራሴ ያስቀመጥኩላት እዚያ ነው፤ አንድ ሣንቲም ከዚያ አላወጣሁባትም።”

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ ግን እጅዎን በሁለት እጁ ይዞ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ” አለዎት። እርስዎም የሚጠሩዎት ሰዎች ስለነበሩ ሄዱ።

በትራሙ ላይኛ ፎቅ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንመለስ እኔ እንደ እሳት እየነደድኩ ነበር። “ሰማህ አይደል? ሰማህ ወይ ያለውን? ለእናቱ ሌላ፣ ለእኛ ሌላ” አልኩት።

ዋይሹን በመስኮቱ ወደ መንገዱ እያየ፣ “ጥሩ ልጅ ነው፣ እትዬ። እናቱን ይወዳል” አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው የከሰረብዎት፣ አቶ ክዎክ።

በማግሥቱ የቀረውን ገንዘብ ከፈንዱ አወጣን። ሱቅ አይገዛም፤ የሱቅ በርም አይገዛም። ሽማግሌው ፓንግ ሲሰማ ሦስት ቀን ሲሰድበው ቆየና በአራተኛው ቀን ከበረንዳው ላይ ግማሹን ጠረጴዛ አከራየው፤ ኪራዩ ከሰፈሩ ዋጋ ሲሶ ነው፤ ይህን እንዳልሰማ ሰው እንድሆን ግን አስጠንቅቆኛል። ወንድሜ አሁን ስካሎፕ፣ ደረቅ ሽሪምፕና እንጉዳይ ይሸጣል። እኔ ከሰዓት ከሰዓት ሄጄ እመዝናለሁ። ትርፉ ቀጭን ነው፤ የሚያውቀውን ነገር ግን መልሶ በእጁ ይዟል። ሳቁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ስልኩ ላይ የእርስዎ ወርሃዊ መልእክት ሲመጣ ሳይከፍት ያጠፋዋል፤ ያኔ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር ባየሁ ቁጥር ያን መጽሔት ጭኔ ላይ ዘርግቼ የተቀመጥኩባት ማክሰኞ ትመጣብኛለች። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ እያለን ይቅርታ ጠየቅሁት። “ሚዛኑን እይ፣ እትዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው” ብሎ ዝም አሰኘኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ገንዘብ እንዲመልሱ አልጠይቅም፤ አሥራ አንዱን ገጽ አንብቤያለሁ። የምለምንዎ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። በቅርቡ የእባብ ዓመት ይገባል። እባብ ቆዳውን ስለመለወጡ ያዘጋጁት ጥሩ አባባል እንደሚኖር አልጠራጠርም። ያን ከመናገርዎ በፊት፣ የመጀመሪያው ስላይድ ከመብራቱ በፊት፣ ለወንድሜ በሻዩ ጠረጴዛ ላይ የነገሩትን በዚያው ለስላሳ ድምፅ ለአራት መቶውም ሰው ይንገሩልን። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ስለ እስያ የፈለጉትን ቢናገሩ እኔ ራሴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ።

የሚመጣው ዓመት ለእርስዎም ለቤተሰብዎም እንደ ተቀማጭ ወለድ ትንሽ፣ ግን እርግጠኛ የሆነ ደስታ ያምጣልዎ። ውድ ጊዜዎን በመውሰዴ፣ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ቁጥሬን ከአምስት በላይ ማድረስ ባለመቻሌ፣ በተለይም ያንን ጭብጨባ አንድ ጊዜ እኔም በማጨብጨቤ ይቅርታዎን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ሁልጊዜም የትንበያዎ ትሑት አድማጭ፣
ዪፕ ላይሼንግ
በደረቅ ዓሣ ነጋዴዎች መንገድ፣ የግማሽ ጠረጴዛ ሚዛን ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። የእናትዎን ነገር ብቻ ከደብዳቤው እንድሰርዝ ለመነኝ፤ “በልጁ ሥራ ላይ ችግር እንዳይመጣበት” አለ። ሁለት ቀን አሰብኩበትና ሳልሰርዘው ተውኩት። ከበሬው እስከ ዘንዶው የተናገሩትን ሁሉ መርምሬ ሳየው፣ እንደተናገሩት የሆነልዎት ያ ስለ እናትዎ ተቀማጭ ያሉት ብቻ ስለሆነ ቢጠፋ ለስምዎ አሳዘነኝ።